አራቱ የአና መስኮቶች

ቪዲዮው ድምፅ የለውም። ርዝመቱም ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ሙሽሮች ከአንድ አፓርታማ በር ይወጣሉ። መሀል ላይ ካሜራው ወደ ላይ ቀና ሲል ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ጥቁር ፀጉር ልጅ ትታያለች። በመስኮቱ ተንጠልጥላ ሙሽሮቹን ቁልቁል እያየች ነው። ድንገት ፊቷን ወደ ቤት ትመልሳለች። «ኑ እዩ እንጂ!» የምትል ይመስላል። ከዚያ እንደገና ወደ ደጅ። አለቀ።

እኛ ሰፈር ቢሆን «ምን መስኮት ላይ ያንጠለጥልሻል፣ ግቢ!» የሚላት አይጠፋም ነበር።

ልጅቷ አይሁዳዊቷ አና ፍራንክ ናት። ቀኑ ጁላይ 22 ቀን 1941 ነው። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ቀኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፣ ሰዓቱ ግን በእኛ።) ቦታው አምስተርዳም፣ ሜርቬደፕላይን የሚባል ሰፈር ነው። የጎረቤት ሰርግ ነበር። አና ያኔ 12 ዓመቷ ነው። በተንቀሳቃሽ ምስል የተቀረጸችው በዕድሜዋ ሙሉ ይቺኑ ጊዜ ብቻ ነው።

አና ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ማስታወሻዋን ነው። በአማርኛም ስለተተረጎመ ብዙዎቻችን በልጅነት አንብበነዋል። እኔ ታሪኩን እንደገና ልተርክ አልፈለግሁም። የማየው መስኮቶቿን ብቻ ነው። ከዚያ ሰርግ በኋላ በነበሩት ሦስት ዓመታት መስኮቷ እየጠበበ ሄደ። መጀመሪያ ሙሉ ሰውነት የሚያስወጣ ነበር። ከዚያ የመጋረጃ ጭላንጭል ሆነ። ከዚያ ጣሪያ ላይ ያለ ቁራጭ ሰማይ። ልጅቷ የምትመኘው ዓለም ግን መስኮቱ በጠበበ ቁጥር ይሰፋ ነበር። ነገሩን ደጋግሜ እንዳየው ያደረገኝ ይኸው ነው።

ደጁ የተዘጋው በአንድ ቀን አይደለም። ጀርመኖች ሆላንድን የያዙት በሜይ 1940 ነው። በ1941 መጀመሪያ ላይ ለአይሁድ ሲኒማ ተከለከለ። በ1942 በሜይ ወር ልብስ ላይ ቢጫ ኮከብ መስፋት ግዴታ ሆነ። ቀጥሎ ብስክሌት አስረክቡ ተባለ። ትራም መሳፈርም ቀረ። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ በራስ ግቢ ውስጥ እንኳ መቀመጥ አይቻልም ነበር። ብስክሌት በአምስተርዳም ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ፣ እግር መቁረጥ በሉት።

ጁላይ 5 ቀን 1942 ለታላቅ እህቷ ለማርጎት ጥሪ መጣ። ጀርመን አገር ሄደሽ ትሠሪያለሽ የሚል። ማርጎት 16 ዓመቷ ነበር። ወላጆቿ ለካ መደበቂያ ሲያዘጋጁ ከርመዋል። በማግስቱ ጠዋት በዝናብ ወጡ። ሻንጣ የያዘ አይሁድ ስለሚያስጠረጥር ልብሳቸውን በላይ በላዩ ደራርበው ለበሱ።

የሄዱት ወደ አባቷ መሥሪያ ቤት ነው፤ ፕሪንሰንግራኽት 263። ኦቶ ፍራንክ የማርማላታ ማርጊያ ፔክቲንና ቅመማ ቅመም የሚሸጥ ድርጅት ይመሩ ነበር። ቤቱ የፊትና የኋላ ነው። የፊቱ ቤት መስኮቶች ቦዩንና መንገዱን ያያሉ። የኋላው ቤት ከመንገድ አይታይም፤ መስኮቶቹ የሚያዩት የጎረቤቶችን ጓሮ ነው። የተደበቁት እዚህ የኋላው ቤት ውስጥ ነው። ከሳምንት በኋላ የፋን ፔልስ ቤተሰብ ከነልጃቸው ከፔተር ጋር መጣ። በኖቬምበር ፍሪትስ ፕፌፈር የሚባሉ የጥርስ ሐኪም ተጨመሩ። ስምንት ሰው።

ገና ከመግባታቸው አባትና ልጅ መጀመሪያ ከሠሩት ሥራ አንዱ መጋረጃ መስፋት ነው። ጨርቅ አልነበረም። ያገኙትን ቁርጥራጭ፣ ቀለሙም ዓይነቱም የማይገናኝ፣ እየቀጣጠሉ ሰፉት። ሁለቱም ስፌት አያውቁም። ጠማማ ስፌት። ከዚያ በትናንሽ ሚስማር መስኮቱ ላይ መቱት። አና ስለ ስፌታቸው እየቀለደች ጻፈችው፤ ከዚህ እስክንወጣ ድረስ አይነሳም ብላ ጨመረችበት። ልጅ ናት፤ የምታወራው ስለ ጥቂት ወር መስሏት ይሆናል።

እዚህ ላይ የቀኑን ሥርዓት መናገር ግድ ነው፤ አለበለዚያ መስኮቱ አይገባም። ከታች መጋዘን ውስጥ የሚሠሩት ሰዎች ከላይ ሰው መኖሩን አያውቁም። ስለዚህ ከጠዋቱ 2:30 ጀምሮ እስከ ምሳ ሰዓት ኮቴ የለም። ቧንቧ አይከፈትም፣ ሽንት ቤት ውሃ አይለቀቅም። ሠራተኞቹ ለምሳ ሲወጡ ትንሽ መተንፈሻ አለች። ከዚያ እንደገና ዝም፣ እስከ 11:30። ማታ ሠራተኛው ሲሄድ ብቻ ቤቱ የእነሱ ይሆናል። ቀን ላይ መጋረጃውን አንድ ጣት ያህል መግለጥ ስምንት ሰው ማስፈጀት ሊሆን ይችላል። እኔና እናንተ መስኮት የምንቆመው ሥራ ሲያቅተን ወይ ሻይ ስንጠጣ ነው። እሷ ዘንድ መስኮት ሰዓት አለው፣ ሕግ አለው።

ሁለተኛው መስኮቷ የፊተኛው ቢሮ ነው፤ መንገዱን የሚያየው።

ገላ መታጠብ ችግር ነበር። የገላ መታጠቢያ ገንዳ የለም። እያንዳንዱ ሳፋውን ተሸክሞ የሚመቸውን ጥግ ይፈልጋል። አናና ማርጎት ቅዳሜ ከሰዓት የፊተኛውን ቢሮ መረጡ። መጋረጃው ዝግ ስለሆነ ጨለማ ነው። አንዷ በጨለማ ስትታጠብ ሌላዋ በመጋረጃው ጭላንጭል ደጁን ታያለች። ከዚያ ተራ ይቀያየራሉ። ይቺን ቦታ ሳነብ ሁልጊዜ የምትታየኝ ታጣቢዋ አይደለችም። ተረኛዋ ናት፤ ፀጉሯ ገና እርጥብ ሆኖ ዓይኗን ጨርቅ ላይ የለጠፈችው።

ምን ታይ ነበር? ዲሴምበር 13 ቀን 1942 በዝርዝር ጽፋዋለች። ሰው ሁሉ ይጣደፋል። ብስክሌት የሚነዱት ከመፍጠናቸው የተነሳ ኮርቻው ላይ ማን እንዳለ እንኳ አይለይም። የሰፈሩ ልጆች ቆሻሻ ናቸው፤ በመንጠቆ አንድ በአንድ እያነሳን ሳፋ ውስጥ አጥበን ልብሳቸውን ጠግነን ብንመልሳቸውስ እያለች ከእህቷ ጋር ትሳሳቃለች። ከፊት ለፊት ቦዩ ላይ ቤት የሆነች ጀልባ ቆማለች። የጀልባው ሰው ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ይኖርባታል። ውሻም አላቸው። ውሻውን የምታውቀው በጩኸቱና ጠርዝ ጠርዙን ሲሮጥ በሚታየው ጭራው ነው። ከዚያ ዝናብ ይጀምራል። ሰው ሁሉ ጃንጥላ ውስጥ ይገባባታል፤ የቀራት የዝናብ ካፖርት ብቻ ነው። ተናደደች። ያለቻትን ቴሌቪዥን መብራት የጠፋባት ያህል።

ከዚያ በፊት፣ በኖቬምበር መጨረሻ፣ ሌላ መዝናኛ አግኝታለች። መብራት በኮታ ስለነበር እነሱ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣሉ። እነሱ ጨለማ ውስጥ ከሆኑ መጋረጃውን ገለጥ ማድረግ አያስጠረጥርም። የሩቁን የሚያቀርብ መነጽር ይዛ መብራት ያለባቸውን የጎረቤት ቤቶች ትሰልላለች። አንዱ ቤት እራት ላይ ናቸው። ሌላው ቤት ፊልም ይቀርጻል። ወዲያ ማዶ ደግሞ የጥርስ ሐኪም የፈራች አሮጊት አፍ ውስጥ ይሠራል። ጎረቤት እንዲህ ይጥማል ብዬ አላውቅም ነበር ትላለች። እውነቷን ነው፤ ጎረቤት የሚጥመው ሄደን ማንኳኳት ስንከለከል ነው።

ግን መስኮት ሁሌ አያጽናናም። በዚያው በዲሴምበሩ ጽሑፍ ውስጥ በአንድ አረፍተ ነገር ያህል የምታልፈው ነገር አለ። ትናንት በመጋረጃው ሁለት አይሁድ ሲያልፉ አየሁ ትላለች። ደስ የማይል ስሜት ተሰማት። የከዳቻቸው፣ መከራቸውንም ተደብቃ የምታይ ያህል። ስለ አና መስኮት ሲወራ ዛፉና ሰማዩ ይወራል፤ ይቺ ግን ትዘለላለች። ለእኔ የጉዳዩ አጥንት እዚህ ነው። ደጁን የሚናፍቅ ሰው ደጁ ያሉትን ይቀናል። አና ግን ደጁ ያሉት እየታፈሱ መሆኑን ታውቃለች። እሷን ውስጥ ያስቀመጣት ያው መጋረጃ ነው። እየናፈቁ ማፈር። ይህን በ13 ዓመቷ ለይታ አወቀችው።

በመሀል ስለ መስኮት የተሠራ አንድ ጥናት ላንሳ። ሮጀር ኡልሪች የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1984 ያወጣው ነው። ፔንሲልቫንያ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል ከ1972 እስከ 1981 የሐሞት ከረጢት ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን 46 ሰዎች መዝገብ አገላበጠ። ግማሾቹ የተኙበት ክፍል መስኮት ዛፍ ያያል። የግማሾቹ የጡብ ግድግዳ። ዛፍ የሚያዩት በአማካይ 7.96 ቀን ተኝተው ወጡ። ግድግዳ የሚያዩት 8.70። ጠንካራ ማስታገሻም ዛፍ ያዩት ትንሽ ነው የወሰዱት። ደስ የሚል ጥናት ነው፤ የሆስፒታል አሠራርም ላይ ብዙ ተጠቅሷል። ግን እነዚያ ሕመምተኞች የሚወጡበት ቀን ነበራቸው። ነርሷ መጥታ ነገ ትሄዳለህ የምትላቸው ሰዎች ናቸው። የማይታወቅ ቀን ለሚጠብቅ ሰው ዛፍ መድኃኒትም ነው፣ ቁስልም ነው።

ወደ ዛፏ እንምጣ።

ሦስተኛው መስኮት ጣሪያ ሥር ያለችው ክፍል ነው፤ እኛ ቆጥ የምንለው ዓይነት። የባቄላ ጆንያና የድንች ማስቀመጫ ነበረች። (አንዱን ጆንያ ፔተር ሲያወጣ ተቀዶ ባቄላው እንደ በረዶ ደረጃውን ሙሉ ወርዷል። አና ከታች ቆማ ነበር። ባቄላው ለቀናት ከየጥጉ ሲለቀም ከረመ።) ወደዚያ በመሰላል ይወጣል። እዚያ መስኮት ላይ ማንም ከመንገድ አያይም። ከጓሮው ማዶ፣ ካይዘርስግራኽት 188 ቁጥር ግቢ ውስጥ አንድ ትልቅ የቼስትነት ዛፍ ቆሟል። አና ዛፉን በማስታወሻዋ የጠቀሰችው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፣ ሦስቱም በ1944። ፌብሩዋሪ 23 ከፔተር ጋር ወለል ላይ ተቀምጣ ታያለች። ቅጠል የለውም፤ ቅርንጫፉ ላይ የጤዛ ጠብታ ያበራል፤ የባሕር ወፎች በፀሐይ ብር መስለው ይበራሉ። ሁለቱም መናገር አቃታቸው። ኤፕሪል ላይ ቅጠል አወጣ፣ አንዳንድ አበባም ታየ። ሜይ 13 ሙሉ በሙሉ አብቧል፤ ከአምናው ይበልጣል አለች። «ከአምናው» የምትለዋን ልብ በሉ። ሁለት ፀደይ ከዚያች መስኮት አየች ማለት ነው።

አባቷ ከጦርነቱ በኋላ ማስታወሻውን ሲያነቡ ከገረሟቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። በ1968 ባደረጉት ንግግር ተናግረውታል። ቁራጭ ሰማይ ለልጃቸው ይህን ያህል መሆኑን በምን ያውቁ? ቤት እያሉ ለተፈጥሮ ግድ አልነበራትም። እሷም በጁን 1944 ራሷን ትጠይቃለች፤ ይህ ሁሉ ፍቅር የመጣብኝ ከቤት ሳልወጣ ስለቆየሁ ነው እንዴ? በሙቀት ወቅት አንድ ማታ ጨረቃን ብቻዋን ለማየት ብላ እስከ 5:30 እንቅልፍ አልተኛችም። ግን ጨረቃዋ በጣም ስለደመቀች መስኮት መክፈት አልተቻለም። ብርሃኑ ራሱ ጠላት ሆነባት። ሌላ ጊዜ ደግሞ እንደ አጋጣሚ ላይኛው ፎቅ ላይ ሳለች መስኮት ተከፍቶ ነበር። ጨለማ፣ ዝናብ፣ ነፋስ፣ የሚሮጥ ደመና። እስኪዘጋ ድረስ ንቅንቅ አላለችም። ሌሊትን ፊት ለፊት ሳላይ አንድ ዓመት ተኩል ሆኖኝ ነበር ትላለች። በዚያው የጁን ጽሑፍ ውስጥ ምሬትም አለ። ያን ሁሉ የማየው በቆሸሸ መጋረጃና አቧራ በጠጣ መስኮት ነው፣ እንዲህ ሆኖ ማየት ምን ደስ ይላል ትላለች። መጋረጃው ያው እሷና አባቷ የሰፉት መሆን አለበት።

አሁን ምኞቱን እንይ፤ በ1943 እና በ1944 መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ይናገራል።

ጁላይ 1943 ላይ ስንወጣ መጀመሪያ ምን እናደርጋለን የሚል ጨዋታ ተነሳ። ማርጎትና አቶ ፋን ፔልስ ጢም ብሎ የሞላ ሙቅ ውሃ ውስጥ ከግማሽ ሰዓት በላይ መዘፍዘፍ ፈለጉ። ወይዘሮ ፋን ፔልስ ኬክ። ፕፌፈር የሚወዷትን ሴት ማየት ብቻ። እናቷ ኤዲት ትክክለኛ ቡና። (የእኛ እናቶችም ሌላ የሚመርጡ አይመስለኝም።) አባቷ የታመመ ወዳጃቸውን መጠየቅ። ፔተር ከተማ መውጣት። አና ከደስታዬ የተነሳ ከየት እንደምጀምር አላውቅም አለች። ቤት፣ እንደ ልብ መንቀሳቀስ፣ ተመልሶ ትምህርት ቤት። ያጣችውን ነው የጠየቀችው። ወደ ኋላ መመለስ ነው የፈለገችው።

በዓመቱ መጨረሻ፣ በዲሴምበር 24፣ ነገሩ ሰውነት ላይ ወጥቷል። ብስክሌት መንዳት፣ መደነስ፣ ማፏጨት፣ ዓለምን ማየት ትላለች። ይልቅ እኔን የያዘኝ ከዚያ በፊት ያለው ነው። ሰው ከደጅ ሲገባ ልብሱ ውስጥ ነፋስ ይዞ፣ ጉንጩ በብርድ ቀልቶ ሲመጣ፣ ጭንቅላቴን ብርድ ልብስ ውስጥ ልቅበር ያሰኘኛል ትላለች። የሚረዷቸው ሰዎች፣ እነ ሚፕ ኺስ፣ ምግብና መጽሐፍ ይዘው ይገቡ ነበር። ሚፕ ቅዳሜ ቅዳሜ አምስት የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ታመጣለች። ከመጽሐፉ ጋር ደጁም በካፖርቷ ይገባል። ያን ማንም አላዘዘም፣ ማንም መከልከል አይችልም።

ሜይ 8 ቀን 1944 ምኞቷ ተለውጧል። አንድ ዓመት ፓሪስ፣ አንድ ዓመት ለንደን፣ ቋንቋ መማር፣ የሥነ ጥበብ ታሪክ ማጥናት። ማርጎት ፍልስጤም ሄዳ አዋላጅ ነርስ መሆን ትፈልጋለች። አና ግን እንደ እናቷ የተወሰነ ኑሮ አልኖርም፣ ዓለምን አያለሁ ብላለች። ፓሪስ ከየት መጣ? ጭላንጭሉ ፓሪስን አያሳይም። ለእኔ መልሱ ግድግዳው ላይ ነው። አባቷ አስቀድመው የፊልም ተዋናዮች ፎቶና ፖስትካርዶቿን አምጥተውላት ክፍሏን በሙጫ ለጥፋበት ነበር። ግሬታ ጋርቦ አለች። የእንግሊዝ ልዕልቶች ኤልሳቤጥና ማርጋሬት አሉ። ቆየት ስትል ደግሞ የዳ ቪንቺን ዓይነት ሥዕሎች ትጨምር ጀመር። መስኮቱ ሲዘጋባት ግድግዳውን ከፈተችው። ዛሬም ቤቱ ሙዚየም ሆኖ ሥዕሎቹ እዚያው ናቸው። ሌላው ክፍል ውስጥ የልጆቹ ቁመት በእርሳስ የተለካበት ግድግዳ አለ። አና ተደብቃ ከ13 ሴንቲ ሜትር በላይ አድጋለች።

ኦገስት 4 ቀን 1944 ተያዙ። ከስምንቱ በሕይወት የተመለሱት አባቷ ብቻ ናቸው። አናና ማርጎት በ1945 መጀመሪያ በርገን-ቤልሰን ካምፕ ውስጥ ሞቱ። አና 15 ዓመቷ ነበር።

ዛፉ ከሁሉም ተርፎ ቆየ። ከ150 ዓመት በላይ ሲሆነው ፈንገስ ልቡን በላው። በ2007 ይቆረጥ ተባለ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ታገደ። በ2008 በብረት ደገፉት። ኦገስት 23 ቀን 2010 ነፋስ ከነብረቱ ጣለው፤ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ላይ ተሰበረ። ከፍሬው የበቀሉ ችግኞች በተለያየ አገር ተተክለዋል።

አንድ መስኮት ግን ዘልዬ መጣሁ። በማስታወሻው ውስጥ የለም፤ ማስታወሻው ያኔ የፕሪንሰንግራኽት ቤት ቀርቷል። የምናውቀው አባቷ ከዓመታት በኋላ ስለተናገሩት ነው። ከተያዙ በኋላ ኦገስት 8 ቀን ወደ ቬስተርቦርክ ካምፕ ተላኩ። የወሰዳቸው እንደ ኋላው የከብት ፉርጎ አልነበረም፤ ተራ የመንገደኛ ባቡር ነው፤ በሩ ብቻ ከውጭ ተቆልፏል። ስምንቱም አብረው ነበሩ። ወዴት እንደሚሄዱ ያውቃሉ። ወሩ የበጋ ወር ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ መጋረጃ የሌለው መስኮት። አና ከዚያ አልተነሳችም አሉ አባቷ። ሜዳው፣ የታጨደው እርሻ፣ መንደሩ ሁሉ ወደ ኋላ ይሮጣል። ከሐዲዱ ጎን የስልክ ሽቦው ከመስኮቱ ጋር ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ እያለ ይከተላቸዋል።